የደበቅነው ጾማችንን ነው ወይስ ጌታችንን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አብረን እንድንመረምር እወዳለሁ። ጥያቄው መጀመሪያ የገጠመኝ በጉባኤ ላይ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ በእራት ገበታ ላይ ነው። ስለዚህ ከገበታው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱ ዕድገት አገኘና «ዛሬ በእኔ ነው» ብሎ ከሥራ ስንወጣ እራት ጋበዘን። ጥብሱም ክትፎውም ቀረበ። ሁሉም እጁን ታጥቦ መብላት ሲጀምር እኔ ዝም ብዬ መቀመጤን ጋባዡ አየና «ምነው፣ አትበላም እንዴ?» አለኝ። የገበታው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ቃል «ጨጓራዬን እያመመኝ ነው፤ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» የሚል ነበር።

የጨጓራ ሕመም ኖሮብኝ አያውቅም። ጾም ነበርኩ። ጋባዡ ግን አዘነልኝና ሽሮ አዘዘልኝ። ቤቴ ገብቼ ኅሊናዬ ጎንተል ሲያደርገኝ መልስ አላጣሁም። «ጌታ ጾማችሁ በስውር ይሁን ብሎ አስተምሮ የለም እንዴ? ይኸው በስውር ጾምኩ» አልኩና ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ በዚያ ገበታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የነበረች፣ ለመሥሪያ ቤታችን አዲስ የሆነች ልጅ ለብቻዬ አገኘችኝ። በእሑድ ቅዳሴ አልፎ አልፎ እንተያያለን። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት አይቀየሙኝም?» አለች። «ያን ዕለት እኔም ጾም ነበርኩ። እርስዎ ጾም ነኝ ሲሉ እኔም እላለሁ ብዬ ስጠብቅዎት ነበር። እርስዎ ጨጓራ ነው ሲሉ ብቻዬን መለየቱ አሳፈረኝና በላሁ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እግረ መንገዴንም በስውር ስለ መጾም የተጻፈውን አስታወስኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ጾምህን የደበቅኸው እንዳትመሰገን ነው ወይስ እንዳትነቀፍ?» አሉኝ። መልሱን እሳቸውም እኔም እናውቀው ነበር። ቀጠሉና «እንግዲያስ የደበቅኸው ጾሙን አይደለም፤ ጌታን ነው» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የአባቴ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አለ። ለእናንተም ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በአንድ ተራራ ላይ የተነገሩ ሁለት ትእዛዛት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ሁለት ነገር አስተምሮናል። በመጀመሪያ ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ፣ መልካሙን ሥራችንን ያዩ ሁሉ ሰማያዊ አባታችንን እንዲያከብሩ አዘዘን (ማቴ. 5፥14-16)። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ምጽዋታችን፣ ጸሎታችንና ጾማችን ለታይታ እንዳይሆን፣ በስውር የሚያይ አባት እንዳለን ነገረን (ማቴ. 6፥1-18)። ታዲያ የትኛውን እንያዝ? መታየትን ወይስ መሰወርን?

ብዙዎቻችን እንደየሁኔታው የሚመቸንን እንመርጣለን። ሰው በሚያመሰግንበት ቦታ «ብርሃናችሁ ይብራ» የሚለው ትዝ ይለናል፤ ሰው በሚስቅበት ቦታ ደግሞ «በስውር» የሚለው። ጌታ ያስተማረን ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በስውር እንድናደርግ ያዘዘን መታየታችን ክብር ለሚያመጣልን ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን በምኵራብና በአደባባይ ቆሞ መጸለይ፣ ፊትን አጠውልጎ መጾም ያስከብር ነበር። እነዚያ ሰዎች ጾማቸውን እንደ ሸቀጥ አውጥተው ምስጋና ይገዙበት ነበርና ዋጋቸውን ጨርሰው እንደ ተቀበሉ ነገረን። ብርሃናችን እንዲበራ ያዘዘን ግን ስለ ስሙ የሚነቀፉትን፣ የሚሰደዱትን ብፁዓን ካለ በኋላ ነው (ማቴ. 5፥11)። መታየቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ መመዘኛው ይኸው ነው። ብታይ የማገኘው ምስጋና ከሆነ ልሰወር፤ ብታይ የማገኘው ሣቅ ወይም ነቀፋ ከሆነ አልሰወር። በሰንበቴ ማኅበር መካከል ስንት ሰዓት እንደምንጾም፣ ስንት ስግደት እንደምንሰግድ ብናወራ ትሕትናን አጣን። በሥጋ ገበታ ዙሪያ ጾማችንን በጨጓራ ብንሸፍን ደግሞ ምስክርነትን አጣን። ይህ እንግዲህ ጾሙን ለመሸፈን የተጨመረውን ውሸት ሳንቆጥር ነው።

መስኮቱን ያልዘጋው ሰው

ነቢዩ ዳንኤልን እንመልከት። በንጉሥ ዳርዮስ ዘመን፣ ለሠላሳ ቀን ከንጉሡ በቀር ማንንም የሚለምን ሰው ወደ አንበሶች ጉድጓድ እንዲጣል ዐዋጅ ወጣ። ዳንኤል ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ። የእልፍኙ መስኮት ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ የተከፈተ ነበር። እንደ ወትሮው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ (ዳን. 6፥10)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዳንኤል ሰዎች እንዲያዩት ብሎ አዲስ መስኮት አልከፈተም። አደባባይ ወጥቶ «ኑና ስጸልይ እዩኝ» አላለም። ያደረገው ከዐዋጁ በፊት ሲያደርግ የኖረውን ነው። ግን መስኮቱን አልዘጋም። ቢዘጋው እኮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ሠላሳ ቀን ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርም በተዘጋ ቤት ይሰማል። እሱ ግን መስኮቱን ቢዘጋ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚፈራው ንጉሡን እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

በአማርኛችን «ድፍረት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የተቀደሰውን ነገር መድፈር፣ ሽማግሌን መድፈር ነውር ነው። አባቶቻችን ስለ እምነት ለመቆም የሚያስፈልገውን ድፍረት ከዚህ ለይተው «ጥብዓት» ይሉታል። ጥብዓት ጩኸት አይደለም፤ ሰውን መናቅም አይደለም። ለመታየት ብሎ የማይከፍት፣ ሰውን ፈርቶም የማይዘጋ ልብ ነው።

ይኸው ዳንኤል ልጅ ሳለ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን መብል እንዳይበላ ሲወስን ገበታውን አልገለበጠም፤ የሚበሉትንም አልሰደበም። የጃንደረቦቹን አለቃ በትሕትና ለመነ። ዐሥር ቀን አትክልትና ውኃ ብቻ ሰጥተው እንዲፈትኗቸው ጠየቀ (ዳን. 1፥8-16)። ጽናቱ ትሕትናውን አላጠፋበትም፤ ትሕትናውም ጽናቱን አላላላበትም።

«እግዚአብሔር ልብን ያያል» ስንል

«ኧረ ተዉ፣ ዋናው ልብ ነው፤ እግዚአብሔር ልብን ያያል» የምንል አንጠፋም። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ልብን ያያል (1ኛ ሳሙ. 16፥7)። ወንድማችን ግን ልብን አያይም። እኅታችን ልብን አታይም። እነሱ የሚያዩት እጃችንንና አፋችንን ነው። ያቺ ልጅ በልቤ ጾመኛ መሆኔን ልታውቅ አትችልም ነበር፤ የሰማችው ስለ ጨጓራ ያወራሁትን ነው። የወደቀችውም በሰማችው ነው።

ጌታችን ስለ መብራት ሲያስተምር መብራት በመቅረዝ ላይ የሚቀመጠው በቤት ላሉት ሁሉ እንዲያበራ መሆኑን ተናግሯል (ማቴ. 5፥15)። መብራቱ «እዩኝ» ለማለት አይደለም የሚበራው። በቤት ውስጥ በጨለማ እግሩን የሚያደናቅፈው ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ እምነትን መግለጥ መጀመሪያ የእኔ የክብርና የውርደት ጉዳይ አይደለም፤ የፍቅር ጉዳይ ነው። በየገበታው፣ በየቢሮው፣ በየዩኒቨርሲቲው ዶርም «አንድ ሰው ብቻ ቀድሞ ቢናገር» ብሎ የሚጠብቅ አለ። እኛ ዝም ስንል ዝምታው የሁለት ሰው ይሆናል።

ጴጥሮስ የወደቀው በማን ፊት ነው?

ምስክርነት ሲባል ብዙዎቻችን ሰይፍና እሳት ይታየናል። «እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ እኔም አልክድም» እንላለን። ቅዱስ ጴጥሮስም ብሎ ነበር። እንዲያውም በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ ነበር። የወደቀው ግን በወታደር ፊት አይደለም፤ እሳት እየሞቀ ሳለ በአንዲት ገረድ ጥያቄ ነው (ሉቃ. 22፥54-62)። ጥያቄዋ ትንሽ ነበረች። ትንሽ ስለሆነችም ሳይዘጋጅ አገኘችው። ፈተናችን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ «አትበላም እንዴ?» ብሎ ይመጣል።

ስሙን የወረሱት የእኛው ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ፋሽስት ኢጣልያ አርበኞችን እንዲያወግዙና ወረራውን እንዲቀበሉ ቢያስገድዳቸው እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። «እሳቸው ጳጳስ ናቸው፤ እኔ ተራ ምእመን ነኝ» የሚል ቢኖር በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በአይ ኤስ እጅ የተገደሉትን ኢትዮጵያውያን ያስታውስ። ጳጳሳት አልነበሩም። እንጀራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ ስደተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው እዚሁ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ያደጉም ነበሩ። በእኛ ሰፈር ኳስ የተጫወተ፣ በእኛ ታክሲ የተሳፈረ ወጣት ነው ስለ ስሙ የተሠዋው። እነሱ በአንገታቸው የከፈሉበትን ስም እኛ ለአንድ ጉርሻ ስንሸሽገው ምን እንባላለን?

ይህን ስል ግን ሸክም የከበደባቸውን አልኮንንም። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ፣ ማተቧን ከልብሷ ሥር ሸሽጋ ሌሊት በብርድ ልብሷ ውስጥ ውዳሴ ማርያም የምትደግም እኅታችን አለች። እሷ ከጌታ አልተሸሸገችም፤ ከሚጎዳት ነው የተሸሸገችው፤ እንባዋንም እሱ ያውቀዋል። ልጠይቅ የምወደው እኛን ነው። ደጀ ሰላሙ በቅርባችን፣ ደወሉ በጆሯችን እያለ፣ የሚያስፈራን ዱላ ሳይሆን ፈገግታ የሆነብን እኛን።

ከገበታው ባሻገር

ጾምን መግለጥ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ምስክርነት በሚዛን ላይ፣ በደረሰኝ ላይ፣ በፊርማ ላይ ያለው ነው። «ጾም ነኝ» ብሎ በድፍረት የተናገረ ነጋዴ በዚያው ቀን በርበሬው ላይ ባዕድ ነገር ቢቀላቅል፣ ያ ንግግሩ ከዝምታ የከፋ ይሆናል። ማተቡ በአንገቱ እየታየ «ሻይ ካልሰጣችሁኝ ፋይሉ አይገኝም» የሚል ሠራተኛ ቢኖር ባለጉዳዩ የሚያማርረው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ማተቡንም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በእናንተ ምክንያት የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል ብሎ የገሠጸው እንዲህ ያለውን ነው (ሮሜ 2፥24)። ማተብ ቃል ኪዳን ነው። የሚታይ ከሆነ የሚታይበትን እጅ ማንጻት ግድ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ፣ የተረፈ መልስ ይዞ ወደ ሱቅ የሚመለስ ሰው፣ በቢሮ ሐሜት ሲጀመር «እሱ በሌለበት ባናወራ» የሚል ሰው፣ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብሎ የማይፈርም ሰው፣ የቤት ሠራተኛውን በስሟ ጠርቶ ደመወዟን በቀኑ የሚሰጥ ሰው ስብከት ሳይናገር ሰብኳል። «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» ብለው ሲጠይቁት ነው አፉን የሚከፍተው። ቅዱስ ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ፣ ያውም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ያስተማረን ለዚህ ነው (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ያ በገረድ ጥያቄ የወደቀው ሐዋርያ ነው ይህን የጻፈልን። ያለ ዝግጅት መጠየቅ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

«በየዋህነት» የሚለውን አንርሳ። «ጾም ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚበላውን ሰው መገላመጥ፣ ስለ ጾም አንድ ሰዓት መስበክ፣ ሲበሉ አፍንጫ መያዝ ጥብዓት አይደለም። ሐዋርያው የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አዝዟል (ሮሜ 14፥3)። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እንመልከት። በረመዳን «ጾም ነኝ» ሲሉን ሳያፍሩ፣ እኛንም ሳይወቅሱ ነው፤ እኛም ቡናውን ለሌላ ጊዜ እናደርገዋለን። ከእነሱ ጋር ይህን ያህል የምንከባበር ሰዎች ስለ ራሳችን ጾም መናገር ለምን ይከብደናል?

እኔም ከዚያ በኋላ ጋባዡን ፈልጌ «ያን ዕለት ዋሽቼሃለሁ፤ ጨጓራ የለብኝም፤ ጾም ስለነበርኩ ነው» አልኩት። ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን ሣቀና «ታዲያ ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? የጾም አስጨምር አልነበር?» አለኝ። ከዚያ ዝም አለና «እናቴ በሕይወት ሳለች እኔም እጾም ነበር» አለ። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልጨመርኩም። ብቻ አንድ ነገር ገባኝ። ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲሠራ የኖረ ሰው ይህን የነገረኝ እኔ እውነቱን በነገርኩት ቀን ነው።

በሌሊት የመጣው ሰው

ምናልባት ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ «እኔ እስከ ዛሬ ስደበቅ ኖሬአለሁ፤ እንግዲህ ምን ተስፋ አለኝ?» ትሉ ይሆናል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን መልሱን በዐቢይ ጾም ሰንበታት አስቀምጣልናለች። ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ነው። በዚያ ሰንበት የምናስበው፣ አንዷን መክሊት የቀበረው ሰነፍ አገልጋይ ለጌታው የሰጠው ምክንያት ፍርሃት ነበር (ማቴ. 25፥25)። መክሊቱን አላጠፋትም፤ አልሰረቃትም፤ ፈርቶ ቀበራት እንጂ። የተወቀሰውም በዚሁ ነው። ሰባተኛው ሰንበት ግን ኒቆዲሞስ ነው።

ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃ፣ መምህር ነበር። ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው (ዮሐ. 3፥1-2)። ጌታችን ግን «ለምን በቀን አልመጣህም?» ብሎ አልመለሰውም። በዚያች ሌሊት ስለ ዳግም ልደት፣ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ አስተማረው። ከዚያ በኋላ ኒቆዲሞስን በሸንጎ እናገኘዋለን። አለቆቹ ጌታን ሊይዙት ሲመክሩ፣ ሰው ሳይጠየቅ በሕግ ይፈረድበታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «አንተም ከገሊላ ነህን?» ብለው ዘለፉት (ዮሐ. 7፥50-52)። ቃሉ ትንሽ ናት፤ ግን በቀን የተነገረች ናት።

በመጨረሻም ዕለተ ዐርብ ደረሰ። በቀን ሲከተሉት ከነበሩት ብዙዎቹ ተበተኑ። ያን ጊዜ ያ በሌሊት የመጣው ሰው መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ፤ ከዮሴፍ ጋርም የጌታን ቅዱስ ሥጋ ገንዞ ቀበረ (ዮሐ. 19፥39-40)። መቶ ንጥር በጉያ የሚሸሸግ ሸክም አይደለም። ያየው ሁሉ ለማን እንደሚወስደው ያውቃል።

ከሌሊቱ እስከ ዐርብ ድረስ ያለው መንገድ በአንድ ቀን አልተሄደም። በመካከሉ ያቺ የሸንጎ ትንሽ ቃል አለች። የእኛም መንገድ ከዚያ ይጀምራል። ነገ በገበታ ላይ «ጾም ነኝ»፤ በታክሲ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ ሳንሽኮረመም ማማተብ፤ «ይሄ ትክክል አይደለም፤ አልፈርምም» ማለት፤ ለጎረቤት «እሑድ አብረን እናስቀድስ?» ብሎ መጠየቅ። ከእነዚህ አንዷን ብቻ በዚህ ሳምንት እንያዝ። ያቺ ልጅ በየገበታው ፊት ለፊታችን እንደ ተቀመጠች፣ አፋችንን እያየች እንደምትጠብቅ እናስብ።

በሌሊት የመጣውን ያልመለሰ አምላክ እኛንም ከጨለማ ወደ ቀን ያውጣን። በሰው ፊት ሳናፍርበት ኖረን፣ በአባቱ ፊት እንዲመሰክርልን የበቃን ያድርገን። የወላዲተ አምላክ የድንግል ማርያም ምልጃ፣ የቅዱሳን ሰማዕታት ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።